እርማቸው አስቀድሞ የወጣ፦ የወይዘሮ አባንግ ኦፒው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አባንግ ከአባታቸው ከአቶ ኦፒው ኦጁሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጅዋንግ ኦቻላ በ1923 ዓ.ም. በባሮ ዳር፣ ከጋምቤላ ከተማ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ክረምት ክረምት ከካርቱም በሚመጡት መርከቦች ላይ ቡና ይጭኑ ነበር። በ1941 ዓ.ም. ከአቶ ኦሞት ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከተዳሩ በኋላ በሚስዮን ነው፤ ዘግይተው ቢጀምሩም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አንብበው ጨርሰዋል። በአቶ ፈረጅ ሱቅ በረንዳ ላይ ቀሚስ ይሰፉ ነበር። ቀጠሮ አያከብሩም እንጂ ስፌታቸው አይተረተርም።

በ1960 ዓ.ም. ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኙ። ሊጠይቃቸው የሄደ አንድ የአገር ሰው አልጋቸውን ባዶ፣ ፍራሹን ተጠቅልሎ አገኘው። ለካ ለቀዶ ጥገና ወስደዋቸው ኖሯል! ሰውየው ማንንም ሳይጠይቅ እያለቀሰ ተመልሶ መርዶውን ጋምቤላ አደረሰ። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እርሙን አወጣ፤ ቀሚሶቻቸውም ለሴቶቹ ተከፋፈሉ።

ወይዘሮ አባንግ አንድ ጡታቸውን አጥተው፣ ነገር ግን ድነው፣ ከአውሮፕላን ወረዱ። ግቢያቸው ሲደርሱ ታናሽ እህታቸው የእርሳቸውን አረንጓዴ ቀሚስ እንደለበሱ ጮኸው ሮጡ። ከዚያ ወዲህ ልብሶቻቸው በሰው ገላ ላይ ሆነው በገበያ ሲመላለሱ ያዩ ነበር፤ የመለሰላቸው የለም፣ እርሳቸውም አልጠየቁም። ሲመሻሽ ሰላም ቢሉ መልስ የለም፤ ለሙት ጥሪ አቤት ያለ ይከተላል ተባለ። ጨርቅ ይዞ የሚመጣ ደንበኛም ጠፋ። አቶ ኦሞት እንኳ፣ ያን ያህል እየወደዷቸው፣ ቀትር ላይ ጥላ ይኖራቸው እንደሆነ ሰረቅ አድርገው ያዩ ነበር። አቤት ብቸኝነት! ቆይቶ እርሳቸውም ራሳቸውን ተጠራጠሩ፤ ወንዝ ሲወርዱ ውሃው ላይ ፊታቸውን ማየት ተዉ።

በ1963 ዓ.ም. እብጠቱ ከጠባሳው ሥር ተመለሰ። «ረስቷቸው የነበረው ሞት አስታወሳቸው» እንዳይባል ፈርተው ወራት ደበቁት፤ ልጆቻቸው እንዳያዩ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅረው አለቀሱ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ ተነሥተው፣ «ሙት አይታመምም፤ እኔ ታምሜያለሁ። እንደ ሰው ጠይቁኝ» አሉ። በማግስቱ የአቶ ፈረጅ ባለቤት ወይዘሮ ሰይዳ አጥሚት ይዘው መጡ፤ አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያዙና፣ «እጅሽ ይሞቃል እኮ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ጠያቂ ቤቱን ሞላው።

በሽታውን ለመዱት ማለት ውሸት ይሆናል። አንዳንድ ቀን ተቆጥተው ሰው አታስገቡብኝ ይላሉ፤ አንዳንድ ቀን «ሳይጠሩት የሚመጣ ዘመድ ነው፣ ቦታ ልቀቁለት» ብለው እየሳቁ ይሰፋሉ። ፍርሃታቸውን ግን ዳግመኛ አልደበቁም። «አመመኝ» ብለው «እግዜር ይማርሽ» መባል ደስ ይላቸው ነበር።

የካቲት 7 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠዋት ትንፋሻቸው ቆመ። ለማልቀስ የደፈረ አልነበረም። ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶ ይጠብቃል፤ ልጃቸው ማራገቧን አልተወችም፤ እህታቸውም እጃቸውን እንደያዙ ዋሉ። እጁ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ አቶ ኦሞት ብድግ ብለው፣ «አሁን ይለቀስ» አሉ።

ወይዘሮ አባንግ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን ትተው በአርባ ሦስት ዓመታቸው አርፈዋል። ሕያው አምላክ ነፍሳቸውን ከሕያዋን ይቁጠርልን። አሜን።