ቀትር ላይ የምትተኛ ከተማ

ውድ አሰበች፣

«የመተማ ፀሐይ ማይግሬንሽን ቀስቅሳ ትመልስሻለች» ያልሽው ግማሹ ደርሷል። ትናንት ረፋዱ ላይ ሕመሙ ከግራ ዓይኔ ጀመረኝ። ያረፍኩት የድሮ ተማሪዬ ረቢዓ ዘንድ ነው። ሰሊጥ ሲራገፍ ልታሳየኝ ቀጥራኝ ስለነበር፣ እንዴት ብዬ «ይቅርብኝ» ልበላት እያልኩ ስጨነቅ የሱቋን በር ዘጋችው።

«ቲቸር፣ ምን ይጠብቃሉ? ይተኙ እንጂ!»

«በቀን?»

«በዚህ ሙቀት የሚዞረው እንግዳና አህያ ብቻ ነው!»

ለካ ገበያው በሙሉ ዘግቶ ተኝቷል። ዳባት ላይ በቀን በሬን ከዘጋሁ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ ይመጣና ሕመሜን በወሬ ያባብሰዋል። እዚህ ግን ማንም «ምን ሆንሽ?» አላለኝም። መድኃኒቴን ውጬ ጨለማው ክፍል ውስጥ የገመድ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። ወደ ማታ ስነሳ ለቆኝ ነበር! ከረቢዓ ጋር ሰሊጥ እርሻው ድረስ ሄጄ የደረቀውን ነዶ በገዛ እጄ ገልብጬ አራገፍኩት፤ ሰሊጡ ሸራው ላይ ሿ ብሎ ወረደ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ትንሹን ባየልኝን ሳሚልኝ። እሁድ አትጠብቁኝ፤ አንድ ሳምንት ጨምሬያለሁ።

ያንቺዋ ማዕረግ