በየማለዳው «ደህና ነኝ»

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ? «ደህና ነኝ» ብለህ ብቻ እንዳትመልስልኝ፤ ያንን ቃል ካንተ አላምንም። እማዬ እህል አልቀምስ ብላለች። እኔ ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ፤ ፈተናም ደርሷል።

የመሥሪያ ቤትህን ወሬ ልንገርህ። የጻፍከው ፕሮግራም አሁንም እየሠራ ነው። አንዱ ሰርቨር ሲቆም ራሱ ያስነሳዋል፤ ጠዋት ጠዋት በስምህ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ ለአለቃህ ይልካል። አለቃህ ለቅሶ መጥቶ፣ «እሱ ሞቶም ከስንቱ ቋሚ ይሻላል» አለ። ማመስገኑ ነው! በቦታህ ሰው አይቀጥሩም። ባልደረባህን ቀጮውንም አሰናብተውታል። «ወንድምህ ሲሄድ እኔንም አስከትሎኝ ሄደ» ብሎ ሳቀና ፊቱን አዞረ።

ለካ አንተ ቀጮውን፣ «ፕሮግራሙ የወደቀውን ያነሳል እንጂ ለምን ወደቅክ ብሎ አይጠይቅም፤ ደጋግሞ የሚወድቅ ካየህ ሄደህ በእጅህ ዳስሰው» ትለው ነበር። አንተን ማን ዳሰሰህ?

ተከራይተህ በምትኖርባት ክፍል፣ በርህን ቆልፈህ፣ ከዚያው ሆነህ ነበር የምትሠራው። አልጋህ ላይ ቀዝቅዘህ በተኛህባቸው ቀናትም ለአለቃህ «ሰላም ነው»፣ ለእማዬ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? እኔ ደህና ነኝ» ይደርሳቸው ነበር። ታዲያ ማን ይጠርጥር? ቀጮው የተዋሰውን ቻርጀር ሊመልስ ባይመጣ ኖሮ እስካሁንም አናውቅም ነበር።

በተቀበርክ ማግስትም መልእክቱ መጣ። እማዬ አነበበችው፣ ስልኩን ሳመችው፣ «አሜን ልጄ» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ስልኩን ታቅፋ ትጠብቃለች። ሰው ሲያናግራት «ቆይ፣ ልጄ ሊጽፍልኝ ነው» ትላለች። ፈራሁ፣ ወንድም ጋሼ።

ትናንት አክስቴ «ትንሽ አየር ትቀይር» ብላ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። እኔም ላፕቶፕህን ከፈትኩ። ፕሮግራምህ ውስጥ የእማዬን ቁጥር አገኘሁት። ያንን መልእክት በየቀኑ እንዲላክ ያዘዝከው ከሐኪም ቤት በተመለስክ ዕለት ነው፤ «ራስ ምታት ነው፣ ሻይ ጠጣ አሉኝ» ብለህ ያሳቅከን ዕለት።

ነፍስህን በሰላም ያሳርፍልን። አልተቀየምኩህም።

ዛሬ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ሰዓቱ ሳይደርስ ለእማዬ የሚላከውን መልእክት አቆምኩት። ትንሽ ቆይቶ አክስቴ ደወለች፤ «እናትህ ስልኩን እያገላበጠች ነው፣ ምን ልበላት?» አለችኝ። «ምንም አትበያት» አልኳት። ከዚያ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ጣት ጻፍኩ፦ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ትንሹ። ደህና አላደርኩም። ነይልኝ።»

ታናሽህ