የግራ ጡቴ ጠጠር

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ጠዋት፦ ግራ ሦስት ጊዜ ጠባች፣ ቀኝ ሁለት። ከዚያ በላይ የታለበ ሁለት ላስቲክ። ፍሪዘር ውስጥ በጠቅላላ አሥራ አንድ።

ሱቅ ደህና ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ታይዋን ገበያ በሙቀቱ ጭር አለ፤ ሻሹን ሁሉ እንደገና አጣጠፍኩ። አረፋ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በፊት ጅግጅጋ ሄጄ ዕቃ ማምጣት አለብኝ። ሁለት ቀን። ትንሿ ልጄ ኑርሀን ደግሞ ገና አራት ወሯ ነው።

ታላቋን በዚህ ዕድሜዋ ለሳምንት ጥያት ሄጄ ስመለስ ጡት እምቢ አለች። ወተቱም ነጠፈ። በዚችኛዋ አይደገምም። ስለዚህ ማከማቸት... ሠላሳ ላስቲክ ሲሞላ እሄዳለሁ።

ከሰዓት ግራ ጡቴ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳሰስኩ። ያው ቦታ፣ ብብቴ ሥር። በአንድ ወር ሦስተኛው! ለምን?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ጠጠሩ ሎሚ አክሏል። ቆዳው ቀላ፣ ሲነኩት ያቃጥላል።

ከሱቄ ጎን የግመል ወተት የምትሸጠው ፋዱማ ሳልነግራት አወቀች።

«ክንድሽን ምነው እንዲህ አራቅሽው? ምን ሆንሽ አባዮ፣ እህቴ?»

ነገርኳት።

«ዓይን ነው! ወተትሽን በላስቲክ ደርድረሽ ለመጣው ሁሉ ስታሳዪ...»

«ለማን አሳየሁ? ላንቺ ብቻ።»

«እንግዲያው የኔ ዓይን ነዋ፣ አቦ!»

ሳቅሁ። ስስቅ ይብስ አመመኝ።

ባሌ ሚክዳድ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራው ሲመለስ ፊቴን አይቶ፣ «ለሁለት ቀን የቆርቆሮ ወተት ትጠጣ። ትልቋም በሱ አደገች» አለ። ለኔ ብሎ ነው። እውነቱንም ነው፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት። ግን አለኝ እኮ... ያለኝን ትቼ ልግዛ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ትኩሳት። በድሬዳዋ ግንቦት ሹራብ ለበስኩ። ሱቅ አልተከፈተም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ጠዋት ጤና ጣቢያ። ሲስተር በለጠች በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካችው።

«ምን አደረግሽበት?»

«በትኩስ ፎጣ አሸሁት። በደንብ አድርጌ።»

«ሊጥ መሰለሽ? ሁለተኛ እንዳታሺው። ልጅቷ ከጠባች በኋላስ?»

«አልባለሁ። ጠብታ እስኪጠፋ።»

«በቀን ስንቴ?»

«ስድስቴ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሂባቅ፣ ስንት ልጅ ነው የምታጠቢው?»

«አንድ።»

«ጡትሽ ግን መንታ የወለድሽ መስሎታል። ባለብሽ ቁጥር ጨምር እያልሽው ነው። እሱም ይጨምራል። ልጅቷ አትጨርሰው፣ ውስጡ ያብጣል፣ መውጫው ይዘጋል።»

መድኃኒት ጻፈች። ማጥባቱን አላቆምም። ማለቡን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መቀነስ፣ ባንዴ አይደለም። ከጠባች በኋላ ቀዝቃዛ ፎጣ። ትኩሳቱ እስከ ነገ ካልወረደ መመለስ።

በባጃጅ ስመለስ አሰብኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ነግጃለሁ። ምን ያህል እንደሚሸጥ ገምቼ ዕቃ ሳመጣ ስንቴ ተሳስቻለሁ? ይሄ ጡት ግን ማንም ሳያስተምረው የተወሰደበትን ያውቃል፤ ያንኑ ያህል መልሶ ይሞላል። እኔ ለመንገድ የማከማች መስሎኝ... እሱ ላልተወለደ ልጅ ቀለብ ሲያዘጋጅ ነበር። እዚሁ፣ ደረቴ ላይ! ሱብሃነላህ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ትኩሳቱ ወርዷል። ሱቅ ከፈትኩ። ጠጠሩ ግን አልሄደም።

በቀትር መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረድኩ። ሲስተር፣ «ስትጠባ አገጯ ወደ እብጠቱ ይዙር» ብላኝ ነበር። እንዴት ይዙር? እብጠቱ ብብቴ ሥር! ጨርቅ ዘርግቼ ኑርሀንን በጀርባዋ አስተኛኋት። በእጄና በጉልበቴ ቆሜ ከላይዋ ጎነበስኩ።

ፋዱማ በመዝጊያው ሥር አጮለቀች። «ያ አላህ! ይቺ ደግሞ ግመል ሆነች!»

«ዝም በይ፣ ልጅቷን ታስደነግጫታለሽ።»

ኑርሀን አልደነገጠችም። ዓይኔን እያየች ሳበች። ሳበች... ድንገት ከውስጥ ክር እንደሚመዘዝ ያለ ነገር ተሰማኝ። አመመኝ፣ ከዚያ ቀለለኝ። ስትለቅ ከንፈሯ ላይ የረጋ ወተት፣ ነጭ ፍሬ። ሰሊጥ ታክላለች፣ አትበልጥም።

ይቺ? ሹራብ ያስለበሰችኝ ይቺ ናት?

ጠጠሩን በጣቴ ፈለግኩት። የለም። ኑርሀን አገሳችና ተኛች። ምን እንዳደረገች አታውቅም። ቁጭ ብዬ አየኋት፤ ደንበኛ መጥታ መዝጊያውን ስትመታ እንኳ ቶሎ አልተነሳሁም።

በኋላ ለፋዱማ ሲስተር ያለችኝን ነገርኳት። ንቃኝ ሞተች።

«ይሄን ለመስማት ጤና ጣቢያ ሄድሽ? ቢዮ አዋሌ ገጠር ያለ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል! ግመል የምታልቢያትን ያህል ነው የምትሰጥሽ። ሁለቱን ጡት ለኛ፣ ሁለቱን ለልጇ እንተዋለን። ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው እንዲህ ነው!»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ማለብ በቀን ሦስቴ ሆኗል። ዛሬ ጡቴ ከወትሮው ለስለስ አለ። ፈራሁ። ቀንሼ ቀንሼ ቢነጥፍስ? እንደ በፊቱ?

ከሰዓት አንዲት ደንበኛ ጨርቅ ስትመርጥ ያዘለችው ልጅ አለቀሰ። የሰው ልጅ ነው፣ ፊቱንም አላየሁት። ወተቱ ግን ቀሚሴን አራሰው። ማን ጠራው? እኔ አልጠራሁትም። ሻሽ ጣል አድርጌ ዋጋ መከራከሬን ቀጠልኩ... ውስጤን ግን ደነቀው። አልነጠፈም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ዛሬ ስንቴ እንደጠባች አልቆጠርኩም። ማለቢያውን ካስቀመጥኩ አራት ቀን። እብጠት የለም። ኑርሀን ጠግባ ስትለቅ ጡቴ ቀለል ይላል፣ ስትራብ ደግሞ ሞልቶ ይጠብቃታል። ሁለቱ ተስማምተዋል። እኔ መሀል ገብቼ ነው ያበላሸሁት።

ላስቲኮቹ አሥራ ስምንት ላይ ቆሙ። ሠላሳ አይሞሉም። ስለዚህ ለሚክዳድ ነገርኩት፦ ኑርሀን አብራኝ ትሄዳለች።

«ጅግጅጋ? በዚህ ሙቀት?»

«ጅግጅጋ ከዚህ ይቀዘቅዛል።»

«ዕቃ ትመርጫለሽ ወይስ ልጅ ትይዣለሽ?»

«ሁለቱንም። ሲርባት እቀመጣለሁ፣ ነጋዴውም ይጠብቃል። ገዢ ነኝ አይደል?»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ትልቋን ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣት ጠየቀኝ። እሺ ማለቱ ነው።

ነገ፦ ሲያድ የሚባለውን የሚኒባስ ሹፌር አግኝቶ ለሐሙስ ጠዋት ጋቢና ማስያዝ።