የሐሙስ ደንበኛዬ

ሎረል ክሪክ፣ ኬንታኪ
ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2024

ውድ ልጄ ማርላ፣

አንቺ ዘንድ፣ አላስካ፣ ገና ጎህ አልቀደደም ይሆናል። እዚህ ፀሐይዋ ሸለቆውን ለሁለት ከፍላዋለች፤ ግማሹ ተራራ በቅጠል ቀልቷል፣ ግማሹ ጉም ውስጥ ተኝቷል። ስልክ ላይ እኔና አንቺ የምንባባለው «በረዶው እንዴት ነው?» «ይጥላል» ብቻ ስለሆነ፣ ይሄንን ነገር በአፌ እንደማልጨርሰው አውቄ ብዕር አነሳሁ። አትሳቂ እንጂ፣ አባትሽ የሴት ፀጉር ሠሪ ሆኗል። የክፍለ ግዛቱ ማኅተም ያረፈበት የሙያ ፈቃድ አለኝ፣ ፎቶዬም ተለጥፎበታል። ፎቶው ላይ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ዶሮ ሌባ እመስላለሁ።

እናትሽ መጦሪያ ቤት መግባቷን ከአክስትሽ ሰምተሻል። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች፤ ሁለቴ ደግሞ ባዶ እግሯን አውራ ጎዳናው ላይ አገኘኋት። አቅቶኝ ነው ያስገባኋት። እዚያ ሰዉ ደግ ነው፤ ችግሩ ፀጉሯ ሆነ። ሠላሳ ዓመት የሰው ራስ ስታስውብ የኖረች ሴት የራሷን አላስነካም አለች። ቤቱ አንዲት ትንሽ የፀጉር ክፍል አለችው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማጠቢያ ገንዳ፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ብቻ ነበር ትከሻዋ ዘና የሚለው። ታዲያ ፀጉር ሠሪዋ ጡረታ ወጣችና የሚተካት ጠፋ። አስታማሚዎቹ አልጋዋ ላይ ሊያበጥሯት ሲሞክሩ ትጮኻለች። እኔም ማበጠሪያ ይዤ ቀረብኩ።

«ይሄን ሰውዬ ከላዬ አንሱልኝ!» አለች።

አርባ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል፣ ማርላ።

ፀጉሯ እየተቋጠረ እየተቋጠረ የወፍ ጎጆ መሰለ፤ በመጨረሻ አጭር አድርገው ቆረጡት። መስታወት ፊት ቆማ «ይሄ የማን ራስ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ኃላፊዋን፣ ወይዘሮ ስኬግስን፣ «ያቺን ክፍል ክፈቱልኝና እኔው ልሥራት» አልኳት።

«አቶ ሙሊንስ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው እዚያ መቀስ ከያዘ ክፍሉን ይዘጉብኛል። ሕጉ ነው።»

«ፈቃዱ እንዴት ይገኛል?»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። «አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዓት ትምህርት፣ ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ የእጅ ፈተና። በስድሳ ስድስት ዓመትዎ?»

«ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ከርሜያለሁ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዓት ለእኔ የምሳ ዕረፍት ነው» አልኳት። አፌ ደፋር ነው።

ተመዘገብኩ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ልጃገረዶችና እኔ ነን። አስተማሪያችን ሚስ ፓትሪስ በመጀመሪያው ቀን ለየራሳችን የአሻንጉሊት ጭንቅላት አደለችን። እንዳትንከባለልብኝ የመኪናዬ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩላትና ወደ ቤት ነዳሁ። ጎረቤታችን ኤስቲል መንገድ ዳር ቆሞ «ዶይል፣ አዲስ ሚስት አገባህ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ አንተን አይታ ደንግጣ ነው ዝም ያለችው» አልኩት።

አጠገቤ የምትቀመጠው ኬይሊን የምትባል አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። የራሷን ሕፃን በአንድ እጇ እያባበለች በሌላው ታጠናኛለች። «አባባ ዶይል፣ የራስ ቅል ስንት አጥንት አለው?» «ስምንት።» «ፊትስ?» «አሥራ አራት።» ማታ ማታ የእናትሽን የድሮ መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፈችው ሁሉ አለ። ስለ ቆዳ በሽታ፣ ስለ ጀርም፣ ኬሚካሉ ከተወሰነለት ደቂቃ ካለፈ ፀጉር ምን እንደሚሆን። ይሄን ሁሉ ይዛ ኖራለች። እኔ ደግሞ በሰው ፊት «የኔ ሚስት ፀጉር ስትጠቀልል ነው የምትውለው» እል ነበር።

ከሁሉም የወደድኩት ማጠቡን ነው። ዓርብ ዓርብ የከተማዋ አሮጊቶች ለመለማመጃ ይመጡልናል። ውኃውን መጀመሪያ የእጄ አንጓ ላይ አፈሰዋለሁ። አንገታቸውን በመዳፌ ደግፌ ወደ ኋላ ሳስተኛቸው ዓይናቸው ይከደናል፤ ያኔ ዕድሜያቸው ከፊታቸው ላይ እንደ አረፋ ታጥቦ የሚሄድ ይመስለኛል። አንዷ የሞተ ወንድሟን ስም ትጠራለች፣ ሌላዋ ስለ አንድ የጭፈራ ማታ ታወራለች። እንፋሎቱ መስኮቱን ሲሸፍነው ከዓለም የቀረነው እኛና ሞቅ ያለው ውኃ ብቻ እንሆናለን። ከጉድጓድ ወጥቼ ብርሃን ሳይ የሚሰማኝ ነገር ነበር፤ እሱን ነው የሚመስለው። ሌላ ቃል የለኝም።

እሑድ እሑድ እናትሽን ከሩቅ ተቀምጬ አያት ነበር። ፀጉሯ ጆሮዋን ሸፈነ፣ አንገቷ ላይ ደረሰ፣ ሚስ ፓትሪስ መዝገቤ ላይ የመጨረሻውን ሰዓት ስትፈርም ትከሻዋን ነካ። እንደገና መቋጠርም ጀምሮ ነበር።

የጽሑፍ ፈተናውን ወደቅኩ። በአራት ነጥብ! ከሕንፃው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ኬይሊን መስኮቱን አንኳኳች።

«ምን ሆነህ ነው? ድንጋይ በተናደ ቁጥር ጉድጓዱን ጥለህ ትሄድ ነበር?»

«ድንጋይ የኬሚስትሪ ጥያቄ አይጠይቅም» አልኳት።

«በል ውረድ፣ ዛሬ ኬሚስትሪውን ከሀ እንጀምራለን።»

በሁለተኛው አለፍኩ። የእጅ ፈተናው ላይ ግን ግራ እጄ ከዳኝ፤ ቆፋሪው ማሽን የቆረጣቸውን ሁለት ጣቶች ታውቂያቸዋለሽ። ፀጉሩን በመጠቅለያው ቢጎዲን እየጠቀለልኩ ማበጠሪያዬ አመለጠኝና ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ፈታኟ ብዕሯን አነሳች። ማበጠሪያውን አንስቼ የቆሸሸ ዕቃ መያዣው ውስጥ ከተትኩ፣ እጄን አጸዳሁ፣ ከታሸገው ሌላ አወጣሁ፣ ቀጠልኩ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ስወጣ ፈታኟ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ዕቃ ሁሉም ሰው ይጥላል፤ እንደ እርስዎ የሚያነሳው ጥቂት ነው» አለችኝ። ፈቃዱ ሦስት ሳምንት ቆይቶ በፖስታ መጣ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ጥቁር ሽርጤን አጥልቄ በሩ ላይ ቆምኩ። እናትሽን በተሽከርካሪ ወንበር አመጧት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ፈቃድ አለህ?»

«አለኝ፣ እመቤቴ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ከግድግዳው አውርጄ ሰጠኋት። ስሜን አላነበበችም፤ በጣቷ ማኅተሙን ብቻ ዳሰሰች። «ጥሩ። ያልተማረ ሰው ራሴን አላስነካም።» ራሷ ወንበሩ ላይ ወጣችና አንገቷን ገንዳው ላይ አሳረፈች። ውኃው ሲነካት ረጅም ትንፋሽ ወጣት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቋጠሮውን ስፈታ፣ አንዴም አልጮኸችም። «እጅህ ሻካራ ነው፤ አያያዝህ ግን ለስላሳ ነው። ደህና ሴት አስተምራሃለች» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሲመጣ ከማለዳው ጀምራ «ቀጠሮ አለኝ» ትላለች አሉ።

ዛሬ አራተኛችን ነበር። እየጠቀለልኳት ሳለ ዓይኗን ሳትገልጥ «ባለትዳር ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ፣ እመቤቴ።»

«የእኔ ባል ከሰል ቆፋሪ ነው። ጥሩ ሰው ነው። ምላሱ ብቻ ድንጋይ ነው።» ቀጠለች። «አንዲት ልጅ አለችን። ወደ አላስካ የሄደች ዕለት ሻንጣዋን ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ ‹አባዬ፣ ልሄድ ነው› ብትለው፣ መኪናው ሥር እንደተጋደመ ‹ሥራ ላይ ነኝ› አላት። እግሩን ብቻ አይታ ሄደች።»

እጄ ቆመ። «ብልሽቱ ከባድ ነበር?» አልኳት እንደምንም።

«ምን ብልሽት አለ! መኪናው ምንም አልሆነም። የተሳፈረችበት አውቶቡስ ዳገቱን ከወጣ በኋላ ነው ከሥሩ የወጣው። ፊቱ ሁሉ ግሪስ ነው፤ ከዓይኖቹ ሥር ግን ሁለት ንጹሕ መስመር ወርዶ ነበር። ከወጥ ቤቱ መስኮት ያላየሁ መስዬ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።»

«ለልጅትዋ ለምን አልነገሯትም?»

«የእኔ አይደለማ፣ ወንድሜ። እሱ ይንገራት እንጂ።»

ካስኩን ራሷ ላይ አወረድኩላት። በሙቀቱ ውስጥ ፈገግ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ይሄን ወረቀት ጀመርኩ።

የባሕሩን ንፋስ እግዚአብሔር ያለዝብልሽ፤ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባሽን በሰላም አውጥቶ በሰላም ያስገባልሽ። ያንቺም ፀጉር እንደ እናትሽ ወፍራም እንደነበር አስታውሳለሁ።

መኪናው ምንም አልሆነም ነበር፣ ማርላ።

አባትሽ
ዶይል ሙሊንስ