መኪናችን አሸነፈች

እሑድ፣ ሰኔ 12፣ ሮማ

ባሌ ተክሌ የሚሠራበት የመኪና ፋብሪካ ከነገ ጀምሮ ይዘጋል። ተሻሽለው በመኪና ውድድር የሚሮጡት እሱ የሚበይዳቸው የመንገድ መኪኖች ናቸው። ሲንዳካቶው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ሁልጊዜ ለሠራተኛው ቤተሰብ የመግቢያ ትኬት ስለሚሰጥ ውድድሩን ከውስጥ ሆነን ነበር የምናየው። ዛሬ ግን የፋብሪካውን መዘጋት የሚቃወም ባነር ይዘን ከውድድር ሜዳው በር ውጭ ቆምን። የሞተሩን ጩኸት ብቻ ነው የሰማነው።

በድምፅ ማጉያው የፋብሪካው መኪና ማሸነፏ ሲነገር፣ ሽማግሌው የሲንዳካቶ ተወካይ ሲኞር ብሩኖ ባነሩን ለቀው "አሸነፍን!" ብለው አጨበጨቡ። ወዲያው ደንግጠው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"አይዞዎት" አላቸው ተክሌ። የለቀቁትንም ባነር አነሳላቸው።

ቤት ስንገባ ምግብ አልቀመሰም። ጋደም እንዳለ፣ "ነገ ለጠዋቱ ፈረቃ ቀስቅሺኝ፣ እሺ?" አለኝ።

"እሺ" አልኩት።