እሺታሽን ስላላመንኩት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለኢሕሳን ሸዕባን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከረምሽ፣ ጤናሽስ እንዴት ይዞሻል? የኩዌት ሙቀት ያንን ራስ ምታትሽን አላስነሳብሽም ወይ? በማጽጃው ተላልጦ የነበረው እጅሽስ ዳነልሽ? ትበያለሽ? እንቅልፍ ትተኛለሽ? ይህን ሁሉ በስልክ ጠይቄሽ ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ ብለሽኛል። ያንን መልስ ስላላመንኩት ነው እንደ አዲስ በወረቀት የምጠይቅሽ። እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም አለን፤ ከአንቺ ሐሳብ በቀር የጎደለብን የለም። የዳንግላ ብርድ ዘንድሮ ጨክኗል፤ ጠዋት ጠዋት ውጭ ያደረ ውሃ እጅ ያደነዝዛል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ምንም ላትይም ትችያለሽ፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ይህን የምታደርስልሽ የእንጅባራዋ ሕይወት ናት፤ የክፍል ጓደኛዬ ታላቅ እህት ስትሆን ለእረፍት መጥታ ነበር። የምትሠራበት ቤት ከአንቺ ሰፈር ብዙም እንደማይርቅ ስትነግረኝ ከሰማይ የወረደችልኝ ነው የመሰለኝ። ደብዳቤውን እማ በምትልክልሽ የበሶ ከረጢት ውስጥ እንድትደብቀው ለምኛታለሁ። ምን እንደጻፍኩ ከእሷና ከእማ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የምታውቂውንም ጭምር እደግመዋለሁ፤ ባለፈው ስልክ ላይ የነበርሽው በእርግጥ አንቺ ስለመሆንሽ ልቤ አላረፈም። ከአዘና ሙነወር የሚባል እህል ነጋዴ ለእኔ ሽማግሌ ልኳል። ሰውዬው ክፉ ነው አልልም። ግን ሲስቅ ሌላው መሳቁን ዙሪያውን አይቶ ነው የሚስቀው፤ እንዲህ ያለውን ሰው እኔ አላምነውም። አባ ወደውታል። እኔ ደግሞ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ ኒካሑ ከታሰረ ትምህርቴ አዘና መጋዘን ውስጥ እንደሚቀበር ነጋሪ አያስፈልገኝም። አባ ግን ቃል አለባቸው። አንቺ ስትሄጂ ሻንጣሽን በር ላይ አቁመሽ፣ ታናሼን ኢንሳፍን እኔን ሳያማክሩ ለማንም እንዳይሰጡ ብለሽ አስምለሻቸዋል። ካልማሉልሽ ሚኒባሱ ውስጥ አልገባም ስትይ ረዳቱ ሲጮህብሽ የነበረውን ሰፈሩ እስካሁን ያወራዋል። ስለዚህ አባ ሽማግሌዎቹን የኢሕሳንን ቃል ልስማ ብለው መለሷቸው፤ ከዚያም ሁላችንም በተሰበሰብንበት የስልኩን ድምፅ ከፍተው ደወሉልሽ።

እሺ አባ፣ ጥሩ ነው፣ እንዳሉ አልሽ። በቃ። ሰውዬው ማን ነው አላልሽም፣ የማን ልጅ ነው አላልሽም፣ ኢንሳፍን አገናኙኝ አላልሽም። እማ ስልኩን ተቀብላ እንደ ልማዷ በአገውኛ ስትጠይቅሽ በአማርኛ መለስሽላት። አባ ልጄ በሰለች ብለው ደስ አላቸው። እኔ ግን ተቀየምኩሽ፤ ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ ከሰው ሁሉ ለይቼ ጠላሁሽ። ኩዌት ገብታ ረሳችኝ፣ ለአባ ደስታ ብላ አሳልፋ ሰጠችኝ እያልኩ እንጅባራ ድረስ በባዶ ሆዴ ሄድኩ።

ዓይኔን የገለጠው የመርዋን ቴሌቪዥን ነው ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ወንድማችን ሻይ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን እንደ ሰቀለ ነግሬሻለሁ። ገበያ ሲበተን በአማርኛ የሚተረክ የውጭ ተከታታይ ፊልም ያሳያል፤ ያን ጊዜ መቀመጫ አይገኝም። ባለታሪኳ በእጇ መብረቅ የምትጨብጥ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ የምትዘል ልጅ ናት። ጉልበቷን ተዪው፣ እኔ የምወድላት ቁጣዋን ነው፤ በትንሽ ነገር ትገነፍላለች። ለፈተና እረፍት እንደመጣሁ ባየሁት ክፍል አንድ ክፉ ሰው ተነሳባት። መሣሪያ የለውም፤ ስልክ ይደውላል እንጂ። ስልኩን ያነሳ ሁሉ አእምሮው በሰውዬው እጅ ይገባል። መልኩ አይለወጥም፣ አረማመዱ አይለወጥም፣ የታዘዘውን ሁሉ እሺ ይላል። ፖሊሱ እሺ አለ፣ ዳኛው እሺ አለ፣ አንዲት እናት በልጇ ላይ በር እንድትዘጋ ብትታዘዝ እሺ አለች።

ከጥርባ ከሰል ጭነው የሚመጡትን አያ አድማሴን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ፊልሙን ከአንድ ክፍል በስተቀር አላስቀሩም። እንደምታውቂው ይህን ፊልም የሚተርከው አንድ ሰውዬ ነው፤ የሴቷንም የወንዱንም የሕፃኑንም እሱ ነው የሚናገርላቸው። አያ አድማሴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ሲያዩ ቆዩና፣ እነዚህ ሰዎች ዛሬ አይደለም የተያዙት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም በአንድ ሰው አፍ ሲናገሩ ከርመው እናንተ ዛሬ ነቃችሁ አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መርዋን ተርጓሚ ነው አያ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ነው ብሎ ሊያስረዳቸው ቢሞክር፣ እሱንስ ከኋላው ሆኖ የሚያናግረው እንደሌለ በምን አወቅህ ብለው አፉን አስያዙት። ከዚያ ወዲያ ሳቁ ቀነሰ። እኔም የተራኪውን ድምፅ በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርኩ።

ቀጥሎ ባለ መብረቋ ልጅ ስልኳን አነሳች። እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እንዳልክ አለች። ያቺ ሁሉ ቁጣ የለችም። ጓደኛዋ ስትሰድበው የኖረች ልጅ ስላልሰደበችው ደነገጠ። እማ በጓዳው መጋረጃ በኩል ብርጭቆ እያጠበች ታይ ነበር። ፊልም አይገባኝም የምትለዋ እማ እጇን ሳታደርቅ ወደ ፊት ወጣችና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ ይቺ እኮ እንደ ኢሕሳን ነው የመለሰችው አለች። ወዲያው መብራት ጠፋ። መርዋን ለጀነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ ልጅቷ ትፈታ አትፈታ ሳናውቅ ተበተንን።

ከዚያ በኋላ የሰፈራችንን ሰው ብታዪው። በማያውቀው ቁጥር የተደወለለት ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ሻይ ቤት ውስጥ እሺ ያለ ሰው ተይዟል እየተባለ ይተረብበታል። ጎረቤታችን ሽታዬ ባሏ ያለ ጭቅጭቅ ጣሪያውን እጠግናለሁ ቢላት ቀኑን ሙሉ ዓይን ዓይኑን ስታየው ዋለች። አያ አድማሴ ደግሞ የጠሩትን ዋጋ ሳይከራከር የተቀበላቸውን ገዢ ጠርጥረው ከሰላቸውን መልሰው ወደ ጥርባ ጫኑ። ጤነኛ ሰው እንዴት ሳይከራከር ይገዛል ነው የሚሉት። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ መሳቅ አቃተኝ። አንቺ ከማን ጋር ተስማምተሽ ታውቂያለሽ? አባ የመረጡትን የሱቃቸውን በር ቀለም ካላስለወጥኩ ብለሽ ሱቁን አዘግተሽ አልነበር? ጥሩ ነው የሚል ቃል ከአፍሽ ወጥቶ የሰማሁት መቼ ነው?

ስለዚህ ፈተንኩሽ። በመርዋን ስልክ ደውዬ፣ ጓሮ የተከልሽውን ኮክ አስቆረጥነው፣ ለማገዶ ሆነ አልኩሽ። መርዋን አንዷን ቅርንጫፍ ቢሰብር ረመዳኑን ሙሉ ያላናገርሽው እህቴ፣ እሺ ጥሩ ነው አልሽኝ። ከኋላሽ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ አንድ ሰው አሳለ፤ ስልኩም ተዘጋ። ኮኩ አለ፣ ማንም አልነካውም፣ እንዳትደነግጪ። የዚያን ቀን ግን ቂሜ ሁሉ ወደ ፍርሃት ዞረ።

አሁን ሁሉን እጠረጥራለሁ። እመቤትሽ አጠገብሽ ቆማ ነው የምታስወራሽ እላለሁ። ስልክሽን ወስደውብሽ ሲፈቅዱ ብቻ ይሰጡሽ ይሆን እላለሁ። አንዳንዴ አባን ራሳቸውን እጠረጥራለሁ፤ አስቀድመው ደውለው እሺ በይልኝ ብለው ለምነውሽ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ማንም አጠገብሽ ሳይኖር ያልሽው ከሆነ ነው። እምቢ ማለት ሰልችቶሽ፣ ጉልበትሽ አልቆ፣ ለመጣው ሁሉ እሺ ማለት ቀሎሽ ከሆነስ? ያንን ሳስብ የምበላው አይወርድልኝም።

ሽማግሌዎቹ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ተመልሰው መጡ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትጠየቅ ዝም ካለች ወደደች እንደሚባል ታውቂያለሽ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ፣ እማ አጠገቤ ናት። አባ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ ታላቅ እህትሽ ፈቅዳለች፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም ዝምታዬን ይጠብቃል፤ አንደኛው ሽማግሌማ ዱዓ ሊያደርግ እጁን ዘርግቶ እንደነበር በመጋረጃው ቀዳዳ አይቻለሁ። እኔ ግን፣ የኢሕሳንን ድምፅ እንጂ የኢሕሳንን ቃል አልሰማሁም፣ ዛሬ ዝም ብል ዝምታዬ እሺታ አይደለም፣ ይታወቅልኝ አልኩ። እማ እጄን ያዘችኝ፤ አጥብቃ ይዛኝ ስለነበር አሁንም ያመኛል።

አባ ምን አሉ መሰለሽ? ይቺን ልጅ ያ ፊልም ነው የያዛት አሉ። አእምሮዋን የወሰደው ሰው መርዋን ቤት ነው ያለው ብለው ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ይኸው ሻይ ጠጪው የቴሌቪዥን ጀርባ እያየ ይጠጣል። ለሁለት ቀን አላናገሩኝም። ከዚያ ከዙህር ሶላት ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙና፣ ስለ ኮኩ ስትነግሪያት በእርግጥ ጥሩ ነው አለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። እማ ነግራቸዋለች ማለት ነው። አዎ አባ አልኳቸው። ጓሮ ገብተው ብዙ ቆዩ። ማታውኑ ለአዘና ሰዎች እስከ ዒድ እንዲታገሡ ላኩባቸው። ለምን እንደሆነ ለእኛ አልነገሩንም፤ ስልኩን ግን አንስተው ቁጥርሽ ላይ ይደርሱና ሳይደውሉ መልሰው ኪሳቸው ሲከቱ አይቻቸዋለሁ። እሳቸውም ፈርተዋል።

እህት ዓለሜ፣ የሙነወርን ነገር ተዪው፤ እሱን እኔ እችለዋለሁ። የምጽፍልሽ ለአንቺ ነው። ሕይወት ቆሻሻ ልትጥዪ በምትወርጂበት ሰዓት ሕንፃው ሥር ትጠብቅሻለች። እሷ አገውኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ያለሽበትን በአገውኛ ንገሪያት፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ቢቆም እንኳ አይገባውም። ስልክሽን ከወሰዱብሽ ንገሪያት። ከመቱሽ ንገሪያት። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን አቤት እንደሚባል ታውቃለች፤ ሌላ ልጅ በዚሁ መንገድ ማስወጣታቸውን አጫውታኛለች። ደህና ከሆንሽም፣ እሺታሽም የምርሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ ተቆጪኝ። ምን አግብቶሽ ትፈትኚኛለሽ፣ ይቺ ጥርጣሬሽ መቼ ነው የምትለቅሽ ብለሽ ስደቢኝ። ከዚያ በኋላ አግቢ ብትይኝ እንኳ ቁጭ ብዬ አስብበታለሁ። ሳትቆጪ ያልሽውን ግን አልቀበልም።

መርዋን እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሻል፤ የሻይ ቤቱን ግድግዳ አንቺ ስትመጪ የምትጠዪውን ቀለም ቀብቶታል። ሽታዬ ከነባሏ ሰላም ብላለች፤ ጣሪያው ተጠግኗል፣ እሷ ግን አሁንም አላመነችውም። አያ አድማሴ ለዚያች ልጅ ከዚህ እስከ ጥርባ የሚደርስ ሰላምታ አለኝ በሏት ብለዋል። የአባን ሰላምታ ሳላስፈቅዳቸው እጽፍልሻለሁ፤ ቢጠየቁ እንደማይከለክሉኝ አውቃለሁ። ለሕይወትም ለአብሮ አደሮችሽም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

እማ አጠገቤ ተቀምጣ የጻፍኩትን ሳነብላት ስትሰማ ቆየች። እንግዲህ ያንቺን ልጻፍልሽ ብላት፣ እዚያ ለሚያዝዋት ሁሉ እሺ ትበል፣ እንጀራዋ ነው፣ እኔ ስደውል ግን እምቢ ትበለኝ፣ ልጄ መሆኗን ልወቅበት በያት አለችኝ።

ታናሽ እህትሽ
ኢንሳፍ ሸዕባን

ዳንግላ
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.