የዋንዛዋ በርሜል

ውድ ባለቤቴ አያ ይስማው፣

ከተለየኸኝ ትናንት ድፍን ዓመት ሞላህ። ሙት ዓመትህን አውጥተን ሰዉ ሄዷል፤ ብርጭቆው ገና አልታጠበም። ሥራውን ሁሉ ትቼ ዛሬ ጧት የምጽፍልህ ግን አንድ ጥፋት ስላለብኝ ነው።

ቡሬ እንደምታውቃት ናት፤ የባጃጁ ጩኸት ብቻ ብሷል። መጋዝህ ዝጓል፤ የሥራ ቤትህን ቁልፍ ለማንም አልሰጠሁም። አረቄ ማውጣቱንም አልተውሁም። እሳቱ ፊቴን ሲጠብሰኝ ይውላል፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ ሥራ አላውቅ።

ጠረጴዛ የሠራህለትን መሐንዲስ ታስታውሰዋለህ? የውጭ ውስኪ ቀድቶልህ፣ ይህ ከብቅል የተሠራ ነው፣ ካንድ በርሜል ብቻ የተቀዳ፣ ከሌላ ያልተደባለቀ ቢልህ፣ አንተ ሆዬ መጠጣቱን ትተህ ብርጭቆውን ስታሸት ዋልህ። ብቅሉስ እኛም ቤት አለ ብለህ መጣህና ዋንዛ ትጠርብ ጀመር። በርሜሏን ሠርተህ፣ ውስጧን በእሳት ለብልበህ፣ ከዳጉሳው አረቄዬ ሁለት ጊዜ የወጣውን ዳግሙን ሞላህባት። ወንድምህ ማሩ ጎረቤቱን ሰብስቦ ሳቀብህ፤ አረቄ እንደ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ይገባል ወይ አለ። አንተ አፏን ደፈንህ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አላስነካ አልህ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርተኸኝ ለሁለታችን አንዳንድ መለኪያ ቀዳህ። ወይ ጉድ! ቀለሙ ማር፣ ሽታው የበሰለ ኮክ። ዳጉሳ ከየት ኮክ አመጣ ብዬ ሳቅሁ። አፍ ሲገባ መጀመሪያ ፍሬው ይመጣል፣ ቀጥሎ ብቅሉ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ የተለበለበ እንጨት፤ ጉሮሮ ሳይፈጅ ይወርዳል። የኔ አረቄ እንዲያ ለስልሶ አያውቅም። ዓይንህ እንባ አቀረረ። ማሩ ይህን እንዳለ ይቅመሰው፣ ምንም እንዳይቀላቀልበት፣ ብለህ መልሰህ ደፈንሃት። በወሩ ሄድህብኝ።

ትናንት ቃልህን ልፈጽም ነበር። ማሩ ግን የሰንበቴውን ሰው ሁሉ ጠርቶ ኖሯል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ያዘጋጀሁት አረቄ አለቀ፤ ሰዉ መለኪያውን ይዞ ያየኛል። ባንተ ሙት ዓመት መጠጥ አለቀ ሊባል ነው! ጓዳ ገብቼ በርሜሏን ጋን ውስጥ ገለበጥኋትና በዚያው ሳምንት ያወጣሁትን፣ ለሽያጭ ያስቀመጥሁትን አረቄ ጨመርሁበት። እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ኮኩ የለም። ብቅሉም የለም።

ቀዳሁላቸው። ማሩ ያ በርሜል ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልሁት። አጣጥሞ ጠጣና፣ አይከፋም፣ ነገር ግን ያው የምናውቀው አረቄ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና በከንቱ ለፋ አለ። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ደከመኝና ተውሁት።

አንድ መለኪያ እንኳን አላስቀረሁም። ሌላ እንዳልሠራ፣ እንጨቱን ስንት ቀን እንዳደረቅኸው፣ ምን ያህል እንደለበለብኸው አልጠየቅሁህም፤ ሁሌ የምትኖር መስሎኝ።

ይቅር በለኝ አያ ይስማው። ዛሬ ማሩ ቤት እሄዳለሁ፤ የጠጣኸው የሱ አይደለም፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ቢያምንም ባያምንም። ያንተን አረቄ የቀመስን ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። እኔ እያለሁ አይረሳም።

ባለቤትህ አንጓች